በትዳር መካከል ስለሚነሣ ኩርፊያ

ወረኢሉ ሲነሣ ብዙ ሰው የሚያስታውሰው፥ በ1888 ዓ. ም. ለዐድዋ ዘመቻ የተጠራው የሸዋ ሰው እንዲከትትበት የታዘዘ ሥፍራ መሆኑን ነው። ያ ዘመቻ በዐዋጅ የተነገረ፥ ጠላቱም የታወቀ ነበር። በየቤታችን ግን ዐዋጅ ሳይነገርበት የሚጀመር ጠብ አለ፤ ይኸውም ኩርፊያ ነው።

እኛ መምህራን ይህን ጠብ አስቀድመን የምናየው በልጆች ላይ ነው። በዚሁ በወረኢሉ ደጋ አንድ ተማሪ ጧት ጧት እየዘገየ ይመጣ ጀመር። ምክንያቱን ብንጠይቀው አቀርቅሮ ቆየና፥ «እናቴና አባቴ አይነጋገሩም፤ የምላላካቸው እኔ ነኝ» አለን። አባት እንጨት መፍለጡን፥ የበረቱን አጥር ማጥበቁን ትቶ፥ ጋቢውን ተከናንቦ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይውላል። እናት ውሃ ቀድታ፥ ኩበት ጠፍጥፋ፥ እንጀራ ጋግራ ስትደክም የቀረው ሥራ በልጁ ላይ ይወድቃል። ማታም «ራት ቀርቧል በለው» ትላለች፤ እርሱም ከምድጃው ማዶ ሆኖ «አልበላም በላት» ይላል። ያኮረፈ ሰው ምሳው ራት ይሆነዋል ይባላል፤ በዚያ ቤት ግን ጦሙን የሚያድረው ልጁ ነበር፥ በሁለቱ ዝምታ መካከል እህል አይወርድለትምና።

የንስሐ አባታቸው ከአንድ ሽማግሌ ጋራ ሆነው ሁለቱን ለየብቻ አነጋገሩ። ሽማግሌው ባልን «ለምን ታኮርፋለህ?» አላሉትም፤ «ልጄ፥ ምን ከፋህ?» አሉት እንጂ። ነገሩም ተገለጠ። የበልጉ ዝናብ ቢቀርበት አንዱን በሬ ሸጦ እህል ገዝቷል። ባለ ሁለት በሬ የነበረው ሰው መቀናጆ ፈላጊ ሆኖ ሳለ፥ ሚስቱ በጎረቤት ፊት «ቤቱን ያቆምሁት እኔ ነኝ» ብላ ነበር። ቃሉ እውነት ነበረው፤ የተነገረበት ሥፍራ ግን አቈሰለው። እርሱም ቍስሉን በመናገር ፈንታ ሥራውን በእርሷ ላይ ጣለ።

እንግዲህ ኩርፊያ ሁሉ ስንፍና አይደለም። አንዱ ኀፍረት ነው፤ አንዱ የሥራ ብዛት ነው፤ አንዱም ሕመም ነው። ለብዙ ሳምንት እንቅልፍና ምግብ እምቢ ያለውን ሰው፥ ይልቁንም ከወሊድ በኋላ ልቧ የጨለመባትን እናት፥ ጠበሉ ሳይቀር ወደ ሐኪም መውሰድ ይገባል። እጅ ማንሣት የተጨመረበት ግን ኩርፊያ አይባልም፤ በደል ነውና ዝም ብሎ መቻል አይገባም፥ ለዘመድና ለሕግ ይነገር።

ኩርፊያን በኩርፊያ መመለስ ምድጃውን በሁለት ወገን ማጥፋት ነው። ሥራውን ሁሉ በዝምታ ሠርቶ ቂም ማከማቸትም አይበጅም። እህል ከተቀመሰ በኋላ፥ ሰው በሌለበት፥ ስለ አንድ ነገር ብቻ ጠይቁ፤ ያለፈውን ዓመት አትቍጠሩ። መልሱ ባይመጣ አንድ ቀን ታገሡና ደግማችሁ ጠይቁ። ቅዱስ ጳውሎስ ለኤፌሶን ሰዎች በጻፈው መልእክት፥ በምዕራፍ 4፥ ቍጣ ከፀሐይ መጥለቅ በፊት እንዲበርድ የመከረው በከንቱ አይደለም። ከታረቁ በኋላ ደግሞ የሥራውን ነገር በግልጽ ተነጋግሮ መከፋፈል ያስፈልጋል።

በዚህ ረገድ ሕጉም ተለውጧል። በ1952 ዓ. ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፥ በአንቀጽ 646፥ ባል አገልጋይ ለማቆም ካልቻለ ሚስት የቤቱን ሥራ ራሷ እንድትሠራ ያስገድድ ነበር። በ1992 ዓ. ም. የወጣው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ግን ይህን ትቶ፥ ባልና ሚስት እንዲከባበሩና እንዲረዳዱ፥ ቤተሰቡንም በእኩልነት እንዲመሩ ደነገገ። የአማራ ክልልም በ1995 ዓ. ም. የራሱን የቤተሰብ ሕግ አወጣ። ስለዚህ «ይህ የእኔ ሥራ አይደለም» የሚለው ቃል ከሁለቱም አፍ ሊወጣ አይገባም።

በዚያ ቤት ሚስት በጎረቤት ፊት ለተናገረችው ይቅርታ ጠየቀች፤ ባልም ስለ ተወው ሥራ ይቅርታ ጠየቀ፥ በማግሥቱም መጥረቢያውን አነሣ። መቀናጆውን ያገኘችለት ከወንድሟ ዘንድ እርሷው ነበረች። ልጁም ወደ ትምህርት ቤት በሰዓቱ ይመጣ ጀመር።

የተከበራችሁ አንባቢዎቻችን፥ በቤታችሁ ዛሬ ማታ በአባትና በእናት መካከል ቃል የሚያመላልስ ሕፃን ካለ፥ ከዚያ ሥራ አሳርፉት።