የሐረር ጠላቂ ቶሎ ወደ ቤት አይመለስም

በሐረሩ ኢማም አህመድ ስታዲየም ተጫዋች አውራ ጣቱን ቢያሳይ «ጥሩ ነው፣ በርታ» ማለቱ ነው፡፡ ባሕር ውስጥ ግን ይኸው ምልክት «ወደ ላይ እንውጣ» ይባልበታል፡፡ «ደህና ነኝ» ለማለት አውራ ጣትና ሌባ ጣት ይገጣጠማሉ፡፡ ምልክት የተምታታበት ጠላቂ ጓደኛውን ያለ ምክንያት ይዞት ይወጣል፡፡

ስኩባ የጥንድ ጨዋታ ነው፤ ልክ እንደ ሁለት የመሐል ተከላካዮች፡፡ ከመግባታቸው በፊት አንዱ የሌላውን ቀበቶና የአየር ሲሊንደር ይፈትሻል፡፡ ሰልጣኙ ጭምብሉ ውስጥ የገባውን ውሃ በአፍንጫው ተንፍሶ ማስወጣት፣ ከአፉ ያመለጠውን መተንፈሻ ፈልጎ መመለስ ይማራል፡፡ አየር ካለቀበት መዳፉን ጉሮሮው ላይ አግድም ያንቀሳቅሳል፤ ጓደኛው ትርፍ መተንፈሻውን ይሰጠዋል፡፡ ትንፋሽ መያዝ ክልክል ነው፤ ወደ ላይ ሲወጡ ሳንባ ውስጥ ያለው አየር ይለጠጣልና፡፡

ሐረር ባሕር የላትም፡፡ ጂቡቲ ወርዶ ታጁራ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ ለሚጠልቅ ሐረሬ ታዲያ ትልቁ ፈተና መመለሻው ላይ ነው፡፡ ጥልቀት ውስጥ ሰውነት የሚሰበስበው ናይትሮጅን ቀስ ብሎ ነው የሚወጣው፡፡ ሐረር ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,800 ሜትር ከፍ ትላለች፤ የደንገጎን ዳገት በመኪና መውጣት አውሮፕላን እንደ መሳፈር ነው፡፡ ለበረራ የሚመከረው ከአንድ ጥልቀት በኋላ ቢያንስ 12፣ ከተደጋገመ 18 ሰዓት መጠበቅ ነው፡፡

«የቅዳሜው ጨዋታ ያመልጠኛል» ብሎ የሚጣደፈውን ማስቆም የጥንዱ ሥራ ነው፡፡ መንገድ ላይ መገጣጠሚያውን ካመመው ወይም ከደነዘዘው ደግሞ «ድካም ነው፣ ተኛበት» አይባልም፤ ኦክስጅን ወዳለበት ሐኪም ቤት ነው የሚወሰደው፡፡