ማኅበራዊ ሥነ ልቦና ከቆሼ ሲታይ

መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቅዳሜ ምሽት የአዲስ አበባው የቆሼ የቆሻሻ ክምር ተንዶ ከሥሩ ተጠግተው የሚኖሩ ቤተሰቦችን ከነቤታቸው ቀበረ። ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የሦስት ቀን ብሔራዊ ኀዘን አወጀ። አስከሬን ፍለጋው ገና ሳያበቃ «ምን አመጣው?» ለሚለው ጥያቄ ሁለት ዓይነት መልስ ይሰማ ጀመር። ከመንግሥት ወገን የተነገረው፣ ቆሻሻ ለቃሚዎች ሲቆፍሩ ክምሩን አናግተውት ሊሆን ይችላል የሚል ነበር። ነዋሪዎቹ ደግሞ በዚያው ቦታ ይካሄድ የነበረውን ግንባታና እንደገና መደፋት የጀመረውን ቆሻሻ ተጠያቂ አደረጉ።

የምማረው የማኅበራዊ ሥነ ልቦና ትምህርት ስለ ምን እንደሆነ ሰው ሲጠይቀኝ ይህን ክርክር አነሣለታለሁ። ለአንድ ነገር ምክንያት ስንፈልግ ዓይናችን ቶሎ የሚያርፈው ሰውየው ላይ ነው፤ ሰውየውን የከበበው ሁኔታ የሚታየን ዘግይቶ ነው፣ አንዳንዴም ጭራሽ አይታየንም። ኤድዋርድ ጆንስና ቪክተር ሃሪስ እ.ኤ.አ. በ1967 ባሳተሙት ጥናት ለተማሪዎች ስለ ፊደል ካስትሮ የተጻፉ ድርሰቶችን አስነበቡ። ጸሐፊው ካስትሮን ደግፎ እንዲጽፍ ታዝዞ እንደጻፈ እየተነገራቸው እንኳ፣ አንባቢዎቹ ሰውየው በልቡም ደጋፊ ሳይሆን አይቀርም ወደሚለው አዘነበሉ። ከአሥር ዓመት በኋላ ሊ ሮስ ለዚህ ዝንባሌ «መሠረታዊው የምክንያት አሰጣጥ ስሕተት» የሚል ስም ሰጠው። ለቃሚው ቆፍሮ ይሆናል። ነገር ግን ለምን እዚያ ለመቆፈር ተገደደ? ክምሩስ ያን ያህል እስኪያድግ፣ ቤቶቹስ ከሥሩ እስኪሠሩ ምን ሲደረግ ነበር? እነዚህን መጠየቅ የሚጀምር ሰው ትምህርቱን ግማሹን ተምሯል ብዬ አምናለሁ።

ሁኔታው የራሱ ታሪክ አለው። ቆሼ የአዲስ አበባን ቆሻሻ መቀበል የጀመረው በ1950ዎቹ አጋማሽ ነው። ያኔ የከተማ ዳር ነበር፤ ከተማው እየሰፋ መጥቶ በየአቅጣጫው ከበበው። 36 ሄክታር ገደማ የሚሆነው ቦታ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ የመዲናዋን ጥራጊ ተሸከመ። በ2008 ዓ.ም. በሰንዳፋ አዲስ ማስወገጃ ተከፍቶ ነበር፤ የአካባቢው ገበሬዎች ብክለቱን አጥብቀው ስለተቃወሙ በወራት ውስጥ ሥራ አቆመና መኪኖቹ ወደ ቆሼ ተመለሱ። አደጋው የደረሰው ከዚያ በኋላ ነው። በቀን 1,400 ቶን ቆሻሻ እያቃጠለ ኤሌክትሪክ እንዲያመነጭ የታቀደውና እዚያው ቆሼ የተሠራው የረጲ ጣቢያ የተመረቀው ነሐሴ 2010 ዓ.ም. ነው፤ የሞቱት ከተቀበሩ ከአንድ ዓመት ከመንፈቅ ገደማ በኋላ።

ከሥነ ልቦናው መጻሕፍት ውስጥ እጅግ ያስደነገጠኝ ሜልቪን ለርነር «ዓለም ፍትሐዊ ናት» ስለሚለው እምነት የጻፈው ነው። ለርነርና ካሮሊን ሲመንስ እ.ኤ.አ. በ1966 ባሳተሙት ሙከራ፣ ተማሪዎች አንዲት ሴት በተሳሳተች ቁጥር በኤሌክትሪክ ስትነዘር የሚመስል ነገር ይመለከታሉ። ሥቃይዋን ማስቆም የሚችሉበት መንገድ ሲሰጣቸው ስለ እርሷ መጥፎ አላሰቡም። ምንም ማድረግ ሳይችሉ ቆመው እንዲያዩ የተደረጉት ግን ሴትዮዋን ማጣጣል ጀመሩ። ሰው ያለ ጥፋቱ ይሠቃያል ብሎ ከመቀበል፣ ተሠቃዪው አንድ ጥፋት ቢኖረው ነው ብሎ ማሰብ ይቀልላል ማለት ነው። «እዚያ ምን ወሰዳቸው?» «ሠርተው አይበሉም ነበር?» የሚሉትን ከአደጋው በኋላ በየታክሲውና በየቢሮው የሰማናቸውን ንግግሮች በዚህ ዓይን ማየት ያስፈልጋል። ተናጋሪዎቹ ክፉ ሰዎች አይደሉም። የሚረዱበት መንገድ ያልታያቸው፣ በዚያ ላይ እንዲህ ያለ ነገር እኔንም ያገኘኝ ይሆን ብለው የፈሩ ሰዎች ናቸው። መርዳት የሚቻልበትን መንገድ ማሳየት ንግግሩን ሊለውጥ ይችላል የሚለው የለርነር ሙከራ ሌላኛው ገጽ ስለሆነ፣ ይህንን ክፍል መምህራን ቸኩለው ባያልፉት እወዳለሁ።

ከዚሁ ከቆሼ ሳንርቅ የዘነበወርቅ ሰፈርና አለርት አሉ። አለርት እ.ኤ.አ. በ1965 የሥጋ ደዌ ሕክምናና ማሠልጠኛ ማዕከል ሆኖ ተቋቋመ፤ ቀድሞም በአካባቢው የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ነበር። ከየክፍለ ሀገሩ ለሕክምና የመጡ ሰዎች ከዳኑ በኋላም የሚመለሱበት ቤት ስላልጠበቃቸው በዙሪያው ሰፈሩ። በሽታው በመድኃኒት ይድናል፤ ሰው የሚሸሸው ግን ከበሽታው በኋላ የሚቀረውን የተጎዳ እጅና የሰፈሩን ስም ጭምር ነው። ኧርቪንግ ጎፍማን እ.ኤ.አ. በ1963 ስለ መገለል በጻፈው መጽሐፍ መገለሉ ከባለቤቱ አልፎ ወደ ቤተሰቡና ወደ ወዳጆቹ እንደሚተላለፍ ያስረዳል። ሰፈርም እንዲሁ ነው። ሥራ ፍለጋ ሲሄድ አድራሻ ሲጠየቅ ቆሼን ትቶ ሌላ ሰፈር ጠርቶ «አየር ጤና» ብሎ የሚመልስ ወጣት ጎፍማንን ሳያነብ ያውቀዋል።

ይህ ሁሉ የመነጨበትን ትልቁን ሐሳብ በአንድ መስመር ያስቀመጠው ከናዚ ጀርመን ወደ አሜሪካ የተሰደደው ኩርት ሌዊን ነው፦ የሰው ባሕርይ የሰውየውና የአካባቢው ድምር ውጤት ነው። ከእርሱ በኋላ የመጡት ታዋቂ ሙከራዎች ይህንኑ ከየአቅጣጫው የሚፈትሹ ናቸው። ሰለሞን አሽ በ1950ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) የመስመሮችን ርዝመት ሲያስለካ፣ ከተሳታፊዎቹ ሦስት አራተኛ የሚሆኑት ቢያንስ አንድ ጊዜ ዓይናቸው እያየ ከቡድኑ ጋር ተሳስተዋል። ስታንሊ ሚልግራም እ.ኤ.አ. በ1963 ባወጣው ጥናት ከ40 ሰዎች 26ቱ ባለ ግራጫ ጋወኑ የሙከራ መሪ ስላዘዛቸው ብቻ፣ ሌላ ሰው በኤሌክትሪክ የሚነዝሩ እየመሰላቸው እስከ 450 ቮልት ድረስ ሄደዋል። እነዚህን ሁሉም የሥነ ልቦና ተማሪ በቃሉ ያውቃቸዋል። ብዙ ጊዜ የሚረሳው ሌላው ግማሽ ነው፦ በአሽ ሙከራ አንድ ሰው ብቻ እውነቱን ሲናገር መንጋነቱ በእጅጉ ይቀንሳል። ቀይ ሽብርን ላሳለፈ አገር ሚልግራምን ማንበብ ቀላል አይደለም፤ ቢሆንም «ታዝዤ ነው» ለሚል ሰው ምሕረት ማድረጊያ አድርጎ መውሰድ ጥናቱን አለማንበብ ነው። 14ቱ እምቢ ብለዋልና።

ስለ መረዳዳት የሚናገረው ክፍል ለእኛ ከሁሉ የቀረበ ይመስለኛል። ጆን ዳርሊና ዳንኤል ባትሰን እ.ኤ.አ. በ1973 ያሳተሙትን ሙከራ ያደረጉት በፕሪንስተን የነገረ መለኮት ተማሪዎች ላይ ነበር። ከተማሪዎቹ አንዳንዶቹ ስለ ደጉ ሳምራዊ ሊናገሩ እየሄዱ ሳለ መንገድ ላይ የሚያቃስት ሰው ይገጥማቸዋል። ካልቸኮሉት 63 ከመቶው ቆመው ረዱት፤ እጅግ ከቸኮሉት 10 ከመቶው ብቻ። የሚሰብኩት ስብከት የፈየደው ነገር ብዙም አልታየም፤ የወሰነው ሰዓት ነበር። ዳርሊ ቀደም ሲል እ.ኤ.አ. በ1968 ከቢብ ላታኔ ጋር ባሳተመው ሥራ ደግሞ፣ አንድ ሰው በድምፅ ማስተላለፊያ የሚጥል በሽታ እንደያዘው ሲሰማ፣ ብቻዬን ነኝ ብሎ ካመነው 85 ከመቶው ወዲያው ለእርዳታ ተነሣ። ሌሎች አራት ሰዎችም እየሰሙ ነው ብሎ ካሰበው ግን የተነሣው 31 ከመቶው ነው። ኃላፊነት ለብዙ ሰው ሲከፋፈል ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ያንሳል።

እዚህ ላይ እድር ትዝ ይለኛል። የእድር ጡሩንባ ነፊ ጎህ ሳይቀድ በየበሩ እያለፈ የሟቹን ስም ሲጠራ «ሌላ ሰው ይሄዳል» የሚባል ነገር የለም። ድንኳን የሚተክለው፣ ወንበር የሚያወጣው፣ ብረት ድስት የሚያመላልሰው ተመድቧል፤ ቀብር ያልወጣ ስሙ ይመዘገባል፣ ይቀጣልም። አያቶቻችን ላታኔ በቤተ ሙከራ ያገኘውን ችግር በመተዳደሪያ ደንብ ፈትተውት ነበር፤ ኃላፊነቱ እንዳይበተን በየሰው ስም ጽፈውታል። በቆሼም ከማሽኖቹ ጋር ጎረቤትና ዘመድ ቆፍሯል። እ.ኤ.አ. በ2019 ይፋ የሆነ በእንግሊዝ፣ በኔዘርላንድስና በደቡብ አፍሪካ ከተሞች የመንገድ ካሜራ ቅጂዎች ላይ የተሠራ ጥናትም፣ በአደባባይ ጠብ ከአሥሩ በዘጠኙ ቢያንስ አንድ መንገደኛ ጣልቃ እንደሚገባ አሳይቷል። ስለ ግዴለሽ ተመልካች የሚነገረው ታሪክ መታረም የሚገባው ይመስለኛል፤ መነሻው የሆነው እ.ኤ.አ. በ1964 በኒውዮርክ የተፈጸመው የኪቲ ጄኖቬዝ ግድያ ዘገባ ራሱ የተጋነነ ነበር።

ስለ ቡድንና ስለ ጥላቻ የሚያወራው ዘርፍ ሰፊ ነው። ሄንሪ ታይፍል በ1970ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) እዚህ ግባ በማይባል ነገር ለሁለት የተከፈሉ ልጆች ለራሳቸው ወገን እንደሚያደሉ አሳየ። ሙዛፈር ሸሪፍ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1954 በኦክላሆማ 22 ልጆችን ለሁለት ከፍሎ ካጣላ በኋላ፣ አንዱ ወገን ብቻውን የማይወጣው ሥራ ሰጥቶ አስታረቃቸው። የእኛ አገር ሰዎች የተሳተፉበትን ሙከራ ግን ብዙ ሰው አያውቀውም። የዬል ዩኒቨርሲቲው ሊዮናርድ ዱብ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1969 ስድስት ኢትዮጵያውያን፣ ስድስት ሶማሌዎችና ስድስት ኬንያውያን በጣሊያን ታይሮል ተራሮች ወደሚገኝ ፌርሜዳ ወደተባለ ሆቴል ሰበሰበ። ስለ ድንበር ጠባቸው ለሁለት ሳምንት ያህል በትንንሽ የተቀላቀሉ ቡድኖች ተወያዩ። በትንንሾቹ ቡድኖች መተማመን እየተፈጠረ፣ የመፍትሔ ሐሳብ እስከመንደፍም ተደረሰ፤ በጠቅላላ ጉባኤው ግን በአንድ መፍትሔ ላይ መስማማት አልተቻለም። ከስምንት ዓመት በኋላ ኢትዮጵያና ሶማሊያ በኦጋዴን ተዋጉ። ከዚህ የምረዳው፣ የሰዎች መቀራረብ ዋጋ ቢኖረውም የመንግሥታትን ጥቅም ብቻውን እንደማይሽር ነው። ጎርደን ኦልፖርት እ.ኤ.አ. በ1954 መገናኘት ጥላቻን የሚቀንሰው በእኩልነት፣ በጋራ ዓላማና በተቋማት ድጋፍ ሲሆን ነው ማለቱም ከዚህ ጋር ይስማማል። በቆሼ በኩል በታክሲ የሚያልፍ ሰውና ከክምሩ ላይ ፕላስቲክ የሚለቅም ሰው በየቀኑ ይተያያሉ። ተሳፋሪው ነጠላውን ወደ አፍንጫው ይስባል፤ አንዱ መስኮት ሲዘጋ ሌሎቹም ይዘጋሉ። ይህ መተያየት እንጂ ኦልፖርት ያለው መገናኘት አይደለም።

ልማድ እንዴት ይለወጣል ለሚለው ደግሞ መልሱን ከሩቅ መፈለግ አያስፈልግም። ሌዊን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአሜሪካ የቤት እመቤቶችን የሆድ ዕቃ ሥጋ እንዲያበስሉ ለማግባባት ሞክሮ ነበር። ንግግር ብቻ ከሰሙት 3 ከመቶው፣ አብረው ተወያይተው በቡድን ከወሰኑት 32 ከመቶው ወደ ተግባር ገቡ። ዶክተር ቦጋለች ገብሬ እ.ኤ.አ. በ1997 የመሠረተችው ድርጅት በከምባታ የሴት ልጅ ግርዛትን ለማስቀረት የሄደበት መንገድ ይኸው ነው፤ ሴቶች፣ ወንዶች፣ ሽማግሌዎችና ወጣቶች በየጊዜው ተቀምጠው መነጋገር። እ.ኤ.አ. በ2002 ያልተገረዘች ሙሽራ በአደባባይ ተሞሸረች። እያንዳንዱ ቤተሰብ «እኔ ብቻ ብተው ልጄን ማን ያገባታል?» በሚል ፍርሃት ታስሮ ነበርና፣ ሰርጉ በአሽ ሙከራ እውነቱን የተናገረውን ያን አንድ ሰው ሆነ። ከዚያ በኋላ ሌሎችም ተከተሉ። በእኔ ግምት ይህ የከምባታ ታሪክ በአገራችን የማኅበራዊ ሥነ ልቦና ክፍሎች ከአሽ መስመሮች እኩል መጠናት አለበት።

ሙያውን ከራሱ ድክመት ጋር ማየትም ያስፈልጋል። በፊሊፕ ዚምባርዶ የ1971 (እ.ኤ.አ.) የስታንፎርድ እስር ቤት ሙከራ የጠባቂነት ሚና የተሰጣቸው ሰዎች እንዲጨክኑ ተገፋፍተው እንደነበር ከማኅደሩ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2015 አንድ መቶ የሥነ ልቦና ጥናቶች እንደገና ሲሠሩ፣ የቀድሞ ውጤታቸው የተደገመው ከመቶ 36 ገደማ ብቻ ነበር፤ ማኅበራዊ ሥነ ልቦና ደግሞ ከዚያም ዝቅ ያለ ውጤት አገኘ። ጆሴፍ ሄንሪክና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2010 እንዳስገነዘቡት፣ በዋና ዋና መጽሔቶች ከተጠኑት ሰዎች 96 ከመቶው የመጡት ከዓለም ሕዝብ 12 ከመቶውን ከያዙ አገሮች ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ማኅበራዊ ሥነ ልቦናን ለረጅም ዓመታት ያስተማሩት ፕሮፌሰር ሀብታሙ ወንድሙ ኢትዮጵያዊ መረጃ ይዘው ጽፈዋል፤ መስኩ ግን ብዙ ሰው ይፈልጋል።

ቆሼን የሚያጠና ሰው የሚጀምርባቸው ጥያቄዎች አሉ። ለቃሚዎቹ አንድ መኪና ሲገለብጥ ማን ቀድሞ እንደሚነካ በምን ደንብ ይወስናሉ? ፕላስቲክ የሚሰበስበውና ብረት የሚሰበስበው ድንበር የሚለየው በስምምነት ነው ወይስ በጉልበት? ከአደጋው በኋላ ወደተለያየ ሰፈር የተዛወሩ ቤተሰቦችስ? አዲስ ሰፈር የገባ ሰው እድር ለመግባት መመዝገቢያ መክፈል አለበት፤ ሰው እስኪያውቀውም ጊዜ ይወስዳል። ዘመዶቹን በአንድ ሌሊት ያጣ ሰው የቀበሩለትንና ያስተዛዘኑትን ጎረቤቶቹን ደግሞ በዝውውሩ ሲያጣ ኀዘኑ ምን እንደሚሆን፣ የቀድሞ እድሩን በርቀት እየከፈለ የቀጠለና ያቋረጠ ሰው የሚለያዩበት ነገር ካለ፣ በአማርኛ ጠይቆ በአማርኛ የሚጽፍ ተመራማሪ ያስፈልጋል። እኔ የመመረቂያ ጽሑፌን በዚህ ላይ ለመሥራት አስቤያለሁ።