ፍሪሲዮን እንቢ ሲል

መኪና መንገድ ላይ ቆሞ ሲገኝ ብዙ ሰው በመጀመሪያ የሚጠረጥረው ሞተሩን ነው። ዳሩ ግን ሞተሩ ደኅና እየሠራ፣ ነዳጁም ሳይጎድል፣ መኪናው አልሄድም የሚልበት ጊዜ አለ። ጥፋቱ ያለው በሾፌሩ ግራ እግር ሥር ነው። እኛ ይህን የተማርነው ክፍል ውስጥ ተቀምጠን ሳይሆን የዓባይ በረሃ አቀበት ላይ፣ ለመኪና ጎማ ድንጋይ ስናቀብል ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ባረጀች ላንድሮቨር ዘጠኝ ሆነን፣ ዕቃችንን ጭነን፣ ከዓባይ ድልድይ ወደ ደጀን እንወጣለን። ከወንዙ እስከ ደጀን ከ1000 ሜትር በላይ ሽቅብ ነው። እኩሌታው ላይ ስንደርስ ሾፌሩ ማርሽ ሊቀይሩ ፍሪሲዮኑን ረገጡ። ፔዳሉ ወለሉ ላይ ተኝቶ ቀረ። መኪናዋ ተንገጫገጨችና ሞተሩ ጠፋ። ረዳቱ ዘሎ ወርዶ ከኋላ ጎማዎች ሥር ታኮ አስገባ። ከበስተኋላችን ገደል ነው። ከመካከላችን አንዱ «በቃ፣ ሸራው ተቃጥሏል» ሲል ሾፌሩ ዞር ብለው አዩትና «የኔ ልጅ፣ ሳታይ አትፍረድ» አሉት።

ታዲያ ፍሪሲዮን ምንድን ነው? በሞተር የሚሠራ የእህል ወፍጮ ያየ ሰው ነገሩን ቶሎ ይረዳል። ሞተሩ ኃይሉን ወደ ድንጋዩ የሚያደርሰው በቺንጋ ነው። ቺንጋው ሲጠብቅ ድንጋዩ ይዞራል፤ ሲላላ ግን ሞተሩ ይጮኻል እንጂ እህሉ አይፈጭም። በመኪናም ውስጥ ኃይል የሚያቀብለውና የሚያቋርጠው ፍሪሲዮን ነው። ከሞተሩ ጋር አብሮ የሚዞር ቮላኖ የሚባል ከባድ ክብ ብረት አለ። ከእሱ ጎን ፊትና ጀርባው ሸራ የለበሰ ሳህን አለ፤ ይህ ሳህን ኃይሉን ወደ ካምቢዮ ያስተላልፋል። በብርቱ ሞላ የሚገፋ ሌላ ብረት ደግሞ ሸራውን ከቮላኖው ጋር አጣብቆ ይይዘዋል። እግራችን ፔዳሉ ላይ ከሌለ ሦስቱም አንድ ላይ ይዞራሉ። ፔዳሉን ስንረግጥ የሞላው ግፊት ይነሣል፣ ሸራው ነፃ ይሆናል፣ ማርሹም ሳይንጫጫ ይገባል።

እንግዲህ የፍሪሲዮን ሕመም ሁለት ዓይነት ነው፤ ሁለቱም ተቃራኒዎች ናቸው። አንደኛው ፔዳሉ ተረግጦ አልላቀቅም ሲል ነው። ሁለተኛው እግር ተነሥቶ አልይዝም ሲል ነው። ብዙ ገንዘብ የሚባክነው እነዚህን ሁለቱን ባለመለየት ነው።

አልይዝም የሚለው ፍሪሲዮን እንደ ላላ ቺንጋ ይንሸራተታል። ነዳጅ ሲሰጡት ሞተሩ ይጮኻል፤ መኪናው ግን በዚያው ልክ አይፈጥንም። አቀበት ላይ ይብስበታል፤ የተቃጠለ ነገርም ይሸታል። ለማረጋገጥ ሜዳ ላይ፣ ከፊት ሰው በሌለበት፣ የእጅ ፍሬኑን ጠበቅ አድርጎ መያዝ ነው። ከዚያ ሦስተኛ ወይም አራተኛ ማርሽ አስገብቶ፣ ጥቂት ነዳጅ እየሰጡ ፔዳሉን ቀስ ብሎ መልቀቅ። ፍሪሲዮኑ ጤነኛ ከሆነ ሞተሩ ታፍኖ ይጠፋል። ምንም እንዳልተፈጠረ መዞሩን ከቀጠለ ይንሸራተታል ማለት ነው። ይህን ሙከራ ደጋግሞ ማድረግ ግን የቀረውን ሸራ መጨረስ ነው፤ አንድ ጊዜ ይበቃል። የተንሸራተተ ሁሉ አልቋል ማለትም አይደለም። ፔዳሉ ከላይ ጨዋታ ከሌለው ሞላው ሙሉ በሙሉ ሊጫን አይችልም፤ አንዳንዴም ከሞተሩ የሚያንጠባጥብ ዘይት ሸራውን አርሶት ይገኛል።

አልላቀቅም የሚለውን ለመለየት ሞተሩን አስነሥቶ፣ መኪናው ቆሞ፣ ፔዳሉን እስከ መጨረሻው ረግጦ ጥቂት ሰኮንድ መጠበቅ ነው። ከዚያ የኋላ ማርሽ ማስገባት። ቢንጫጫና እንቢ ቢል ሸራው አልተላቀቀም። እዚህ ላይ ነው ወደ ፔዳሉ መመለስ የሚያስፈልገው፤ ምክንያቱም ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ ያለው በፔዳሉና በሸራው መካከል ባለው መንገድ ላይ ነው።

ያ መንገድ በአንዳንዱ መኪና ገመድ ነው፤ በሌላው ዘይት ነው። ቮልስ፣ ያቺ ኤሊ የምትመስለው፣ በገመድ ትሠራለች። ላዳና ብዙዎቹ ላንድክሩዘሮች በዘይት ይሠራሉ። የገመዱ ቀላል ነው። ገመዱ ሲሳብ ውሎ ሲያድር ይረዝማል፣ ፔዳሉም ከላይ ብዙ ይጫወታል። የቮልስ ፔዳል ከመክበዱ በፊት ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሜትር መጫወት አለበት። ከዚያ ካለፈ በገመዱ ጫፍ ያለውን፣ የቢራቢሮ ክንፍ የመሰለ ዳዶ፣ ማጥበቅ ነው። ፔዳሉ ከከበደና ከተንቋቋ ገመዱ ደርቋል ወይም ክሩ መበጠስ ጀምሯል። ያን ጊዜ መለወጥ እንጂ እስኪበጠስ መጠበቅ አይገባም፤ የሚበጠሰው ሁልጊዜ ገበያ መካከል ነው።

የዘይቱ ጥቂት ማስተዋል ይጠይቃል። ፔዳሉ ላይኛውን ፓምፕ ይገፋል። ፓምፑ ዘይቱን በቀጭን ቱቦ ይልካል። ዘይቱ ደግሞ ካምቢዮ አጠገብ ያለውን ታችኛውን ፓምፕ ይገፋል፤ እሱም ሸራውን ያላቅቃል። በሁለቱም ፓምፖች ውስጥ ዘይት እንዳያልፍ የሚዘጉ ትንንሽ ጎሚኒዎች አሉ። ታዲያ እግርዎ ምን ይነግርዎታል? ፔዳሉ ወድቆ፣ ቶሎ ቶሎ ሲረግጡት ከፍ ካለ፣ ውስጥ አየር ገብቷል ወይም ዘይቱ ጎድሏል። ረግጠው ሲይዙት ቀስ እያለ ከሰመጠ፣ ከውጭም ምንም ርጥበት ከሌለ፣ የላይኛው ፓምፕ ጎሚኒ አልቆ ዘይቱ ወደ ኋላ እየተመለሰ ነው። ፔዳሉ እንደ ወትሮው ጠንካራ ሆኖ ማርሽ እንቢ ካለ ግን ነገሩ ውስጥ ነው። ክረምቱን ሙሉ ቆሞ የከረመ መኪና ሸራው ዝጎ ከቮላኖው ጋር ይጣበቃል። ፔዳሉ ሲረገጥ ብቻ የሚጮኽ ከሆነ ደግሞ ኩሽኔታውን መጠርጠር ነው።

ወደ አቀበታችን እንመለስ። ሾፌሩ ኮፈኑን ከፍተው የፍሪሲዮኑን ዘይት መያዣ አዩ፤ ባዶ ነው። ወዲያው የፍሬኑን መያዣም አዩ፤ እሱ ሙሉ ነበር። አንዳንድ መኪና ላይ ፍሪሲዮንና ፍሬን ከአንድ መያዣ ይጠጣሉና፣ ዘይት በጎደለ ጊዜ ፍሬኑን ሳያዩ መንቀሳቀስ ሕይወት ያስከፍላል። ከዚያ መኪናዋ ሥር ተኝተው ገቡና በታችኛው ፓምፕ ላይ ያለውን የጎማ ሽፋን በጣታቸው ጫን አደረጉት፤ ዘይት ጠብ አለ። «ይኸው! ሸራው ምን አደረጋችሁ?» አሉን።

እዚያ ላይ ግን መጠገኛ የለም፤ ዘይትም የለም። ሾፌሩ እኛን ከመንገዱ ወደ ዳር አወጡን። ሞተሩ እንደ ጠፋ ዝቅተኛውን ማርሽ አስገቡ፤ የሚዞር ነገር ስለሌለ ያለ ፍሪሲዮን ይገባል። ከዚያ ሞተሪኖውን ሲያዞሩ መኪናዋ ዘለል ዘለል አለችና ሞተሩ ተነሣ፤ በዚያው ማርሽ እንደ ኤሊ መውጣት ጀመረች። ይህ ለጭንቅ ጊዜ ብቻ የሚደረግ ነው፤ ከፊት ሰው ካለ ፈጽሞ አይሞከርም። እኛ ታኮውን ተሸክመን በእግራችን ተከተልናት። ብዙ ጊዜ ቀድመናት እንጠብቃት ነበር።

ደጀን ስንደርስ አንድ ባለ ሱቅ የሞተር ዘይት ይዞ መጣ። «ዘይት ዘይት ነው፣ ጋሼ» አላቸው። ሾፌሩ እንቢ አሉ። የሞተር ዘይት በፍሪሲዮን ቱቦ ውስጥ ከገባ ጎሚኒዎቹን ያሳብጣል፤ ከዚያ ሁለቱም ፓምፕ ይበላሻል። የሚገባው የፍሬን ዘይት ነው፤ ቆርቆሮው ላይ ዶት 3 ወይም ዶት 4 ተብሎ የተጻፈበት። ማንበብ የቻለ ሰው በቆርቆሮው ላይ ያለውን ሳያነብ ማንንም አይመን። ያ ዘይት መርዝ ስለሆነ ሕፃናት እንዳይነኩትም ያስፈልጋል።

ሾፌሩ በወረቀት የጠቀለሉት አዲስ ጎሚኒ ከመሣሪያ ሣጥናቸው ነበራቸው። ለምን እንደሚይዙት ስንጠይቃቸው ሳቁ። አንድ ጊዜ እንዲሁ ፔዳሉ ወድቆባቸው ጋራዥ ቢወስዱት «ሸራው አልቋል» ተብለው ካምቢዮ ተፈትቶ፣ አዲስ ሸራ ተገዝቶ፣ የሁለት ወር ገቢያቸውን ከፈሉ። በሦስተኛው ሳምንት ፔዳሉ ተመልሶ ወለሉ ላይ ተኛ። የወጣውን ሸራ እቤት ሄደው ሲያዩት ገና ግማሹ እንኳ አላለቀም ነበር። «ከዚያ ወዲህ» አሉ፣ «ካምቢዮ ከመፈታቱ በፊት ጎሚኒውን እጠይቃለሁ።»

ጎሚኒው ከተለወጠ በኋላ አየሩን ማስወጣት ቀረ። ይህ የሁለት ሰው ሥራ ነው። ከመካከላችን አንዱ ፔዳሉ ላይ ተቀመጠ፤ ሾፌሩ ከሥር ሆኑ። በታችኛው ፓምፕ ላይ ባለችው ትንሽ ብሎን ጫፍ ቀጭን ቱቦ ሰክተው፣ ሌላውን ጫፍ ዘይት ባለበት ጠርሙስ ውስጥ ነከሩት። «ርገጥ! ርገጥ! ያዝ!» ይላሉ። ሲይዝ ብሎኑን ትንሽ ያላላሉ፤ ጠርሙሱ ውስጥ አረፋ ቡልቅ ቡልቅ ይላል። ብሎኑን ያጠብቁና «ልቀቅ!» ይላሉ። ብሎኑ ሳይጠብቅ ፔዳሉ ከተለቀቀ አየሩ ተመልሶ ይገባል፤ ጓደኛችን ሁለት ጊዜ ቸኩሎ ሁለት ጊዜ ተቆጡት። ሌላው ደግሞ መያዣው እንዳይጎድል ከላይ ይጨምራል። አሥር ጊዜ ያህል ከተደጋገመ በኋላ አረፋው ቆመ፣ ፔዳሉም ከእግር በታች ጠጠር አለ።

ሾፌሩ እጃቸውን በአሸዋ አሽተው ታጠቡ። ሞተሩን አስነሥተው የኋላ ማርሽ አስገቡ፤ ምንም አልተንጫጫም። «በሉ ተሳፈሩ» አሉን፣ «ታኮውን ግን እንዳትረሱት።»