የስዊች ወደቦች ጥምረት፦ የሚያድገው አቅምና የማያድገው ፍጥነት

በሁለት ስዊቾች መካከል ሁለት ገመዶችን መዘርጋት ብቻውን የግንኙነቱን አቅም አያሳድግም። ዑደት እንዳይፈጠር የሚከላከለው የስፓኒንግ ትሪ ፕሮቶኮል ከሁለቱ መስመሮች አንዱን ስለሚዘጋ፣ ሁለተኛው ገመድ የመጀመሪያው እስኪበላሽ ድረስ ያለ ሥራ ይቀመጣል። ሁለቱም በአንድ ጊዜ እንዲያገለግሉ ስዊቾቹ እንደ አንድ መስመር ሊቆጥሯቸው ይገባል። ለዚህ የሚያገለግለው የመስመር ጥምረት እ.ኤ.አ. በ2000 በ802.3ኤዲ መስፈርት የተደነገገ ሲሆን፣ በ2008 802.1ኤኤክስ ወደተባለው መስፈርት ተዛውሯል።

ስያሜው ከአምራች አምራች ይለያያል። «ትራንክ» የሚለው ቃል በሲስኮ ስዊቾች የብዙ ቪላኖችን መረጃ የሚያሳልፍ ወደብን ሲያመለክት፣ በኤችፒ ፕሮከርቭ ስዊቾች ግን የተጣመሩ ወደቦችን ያመለክታል።

ሁለት ባለ 1 ጊጋቢት መስመሮች ሲጣመሩ ፍጥነቱ 2 ጊጋቢት በሰከንድ ይሆናል የሚለው ግምት የተለመደ ነው። ይሁንና ግምቱ የሚሠራው ለብዙ ፍሰቶች ድምር እንጂ ለአንድ ፍሰት አይደለም። ስዊቹ የላኪንና የተቀባይን አድራሻ በሐሽ ስሌት አስልቶ ከመስመሮቹ አንዱን ይመርጣል፤ አድራሻዎቹ እስካልተለወጡ ድረስ ምርጫውም አይለወጥም። ምክንያቱ የፍሬሞችን ቅደም ተከተል መጠበቅ ነው፤ የአንድ ፍሰት ፍሬሞች በሁለት መስመሮች ቢበተኑ ኋላ የተላከው ቀድሞ ሊደርስ፣ ቲሲፒም ይህን እንደ ፓኬት መጥፋት ቆጥሮ ፍጥነቱን ሊቀንስ ይችላል። ስለዚህ 1 ቴራባይት የምርምር መረጃን በአንድ ፍሰት መገልበጥ በአንድ መስመር ቢያንስ 8,000 ሰከንድ የሚወስድ ከሆነ፣ በተጣመሩት መስመሮችም ያው ነው።

በስሌቱ የሚገቡት አድራሻዎችም ውጤቱን ይወስናሉ። መረጃው ሁሉ ከአንድ ራውተር ወደ አንድ ሰርቨር የሚሄድ ከሆነ የማክ አድራሻው ጥንድ አንድ ብቻ ስለሚሆን፣ በማክ አድራሻ ብቻ የሚሠራ ስሌት ጭነቱን በሙሉ በአንድ መስመር ላይ ይጥላል። የአይፒ አድራሻንና የቲሲፒ ወደብ ቁጥርን የሚያካትት ስሌት የተሻለ ያከፋፍላል። መስመሩን የሚመርጠው ላኪው ወገን በመሆኑ ስሌቱ በሁለቱም ጫፍ ለየብቻ መስተካከል አለበት።

ሁለተኛው ውሳኔ የስምምነቱ መንገድ ነው። ቋሚ ጥምረት ከሌላኛው ጫፍ ጋር መልእክት አይለዋወጥም። በመካከል ያለ የፋይበር መቀየሪያ ሳይጠፋ ከእሱ ወዲያ ያለው መስመር ቢቋረጥ፣ ስዊቹ ወደ ሞተው መስመር መላኩን ይቀጥላል፤ አንዳንድ ተጠቃሚዎች ያለ ችግር ሲሠሩ ሌሎች ይቋረጣሉ። ኤልኤሲፒ የተባለው ፕሮቶኮል ግን መልእክቶች መቅረታቸውን አይቶ መስመሩን ከጥምረቱ ያስወጣል፤ ይህም መልእክት በየ30 ሰከንዱ በሚላክበት አሠራር 90 ሰከንድ፣ በየሰከንዱ በሚላክበት ደግሞ 3 ሰከንድ ይፈጃል። ጥምረቱ እንዲመሠረት ቢያንስ አንዱ ጫፍ ጀማሪ መሆን አለበት፤ ሁለቱም ጠባቂ ከሆኑ አይመሠረትም።

በመሆኑም ወደቦቹ ፍጥነታቸውና የቪላን አባልነታቸው አንድ እንዲሆን ተደርጎ፣ ሁለቱም ስዊቾች ከተዋቀሩ በኋላ ሁለተኛው ገመድ ቢሰካ ይመረጣል። ከዚያም የእያንዳንዱ ወደብ ቆጣሪ በሥራ ሰዓት ሊታይ፣ አንዱ ገመድ ሆን ተብሎ ተነቅሎም አገልግሎቱ መቀጠሉ ሊረጋገጥ ይገባል። የአንድ ፍሰት ፍጥነት ራሱ እንዲያድግ ከተፈለገ ግን መፍትሔው እንደ ባለ 10 ጊጋቢት ያለ ፈጣን መስመር ነው።