በቤት የተቀዳ ዲስክ «ባዶ ነው» ሲባል

በጋሞ ደጋ፥ በዶርዜ ሰዎች ዘንድ፥ ድምፅ በድምፅ ላይ እያደራረቡ በኅብረት መዝፈን የታወቀ ነው። ይህንኑ ዘፈን ከሠርግ ላይ በካሜራ የቀዳ አንድ ባለ 8 ሳንቲሜትር ዲቪዲ አርባ ምንጭ ላይ ቀረበልን፤ ሌላ ቅጂ የለውም፤ ከዘፋኞቹም ያረፉ አሉ። ኮምፒዩተሩ ግን ባዶ ነው አለ።

በመጀመሪያ ጥፋቱን በማጫወቻው ፕሮግራም ላይ ጣልን፤ ቪኤልሲንም ሞከርን፤ ከንቱ ድካም ነበር። እንዲህ ያለ ዲስክ ተቀድቶ ሲያበቃ መዘጋት አለበት፤ ይኸውም መቅጃው የይዘቱን ማውጫ ጽፎ ሥራውን መፈጸሙ ነው። ማውጫው ያልተጻፈለትን ዲስክ ሌላ መሣሪያ ብዙ ጊዜ እንደ ባዶ ይቈጥረዋል። ስለዚህ ያንኑ ካሜራ አፈላልገን በእርሱ ዘጋነው፤ ዘፈኑም ተሰማ።

ጭረት ያለበት ዲስክ ሲሆን ከመካከል ወደ ዳር በለስላሳ ጨርቅ ይጠረጋል እንጂ ዙሪያውን አይታሽም። እኛም ዲቪዲው እንደ ተከፈተ፥ ዘፈኑን ሰምተን ሳንጨርስ፥ በሁለት ኮምፒዩተሮች ላይ ገለበጥነው።