የማሬክስ ክትባት ቀኑ አንድ ነው

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ዶሮ ደጋግሞ ከሞተ ምክንያቱ አንድ ብቻ ነው፤ ፈንግል ገባ ይባላል። ከዚያ ፌጦና ነጭ ሽንኩርት ይወቀጣል፣ ሎሚ ይጨመቃል፣ የሰው ቴትራሳይክሊን ከሽፋኑ ወጥቶ በውኃ ይበጠበጣል፤ ይህ ሁሉ አልሆን ሲል የተረፉት ሳይሞቱ ተብሎ ለገበያ ይወጣሉ። ፈንግል ዶሮ የሚፈጅ በሽታ መሆኑ አያከራክርም። ነገር ግን እንቁላል ለመጣል የተቃረበች ቄብ አንድ እግሯን ወደ ፊት፣ ሌላውን ወደ ኋላ ዘርግታ ከወደቀች መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት ማሬክስ ነው። ይህ በቫይረስ የሚመጣ፣ ነርቭንና የሆድ ዕቃን በዕጢ የሚወር የዶሮ ካንሰር ነው።

ሁለቱን ለመለየት የሚረዳ ምልክት ሞልቷል። ፈንግል ጫጩትና እናት ሳይለይ በቀናት ውስጥ ቤት ያራግፋል። ማሬክስ ያዘግማል፤ ዛሬ አንዷን፣ ከሰነበተ በኋላ ሌላዋን እያለ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 6 ወር ባሉት ላይ ይበረታል። የሞተችውን ከፍቶ ጭኗን መመልከት ደግሞ ብዙ ይናገራል። ጤነኛ የጭን ነርቭ ነጭና ቀጭን ነው፤ ቀረብ ብለው ሲያዩት አግድም ጭረት አለው። የታመመው ይወፍራል፣ ይገረጣል ወይም ቢጫ ይላል፣ ጭረቱም ይጠፋል። ሊምፎይድ ሉኮሲስ የተባለው ሌላው የቫይረስ ካንሰር ግን ጉበትን ያሳብጣል እንጂ ነርቭን አያወፍርም፤ ከ4 ወር በታች ባሉትም ላይ እምብዛም አይታይም። የመጨረሻው ማረጋገጫ የላቦራቶሪ ቢሆንም፣ ሬሳ ሳይከፈት ስም መስጠት ምርመራ አይባልም።

ከሁሉም የሚያደክመው ግን «ተከትበው ነበር እኮ» የሚለው መልስ ነው። የተከተቡት ለምን ነበር? የፈንግል ክትባት ፈንግልን፣ የጉምቦሮም ጉምቦሮን እንጂ ማሬክስን አይከላከልም። የማሬክስ ክትባት የሚሰጠው ጫጩቷ በተፈለፈለችበት ቀን፣ እዚያው መፈልፈያው ውስጥ ነው። ቫይረሱ ከላባ ሥር በሚረግፍ ብናኝ ውስጥ ለወራት ስለሚቆይ፣ ጫጩቷ የዶሮ ቤት እንደገባች ትተነፍሰዋለች፤ ክትባቱ ቀድሞ ካልደረሰ ትርጉሙ ያንሳል። ከክትባቱ ዓይነቶች አንዳንዶቹ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ በሆነ ፈሳሽ ናይትሮጂን የሚጠበቁ በመሆናቸውም የወረዳ እንስሳት ጤና ኬላ ሊሸከማቸው አይችልም። ስለዚህ ለወጣቶችና ለሴቶች ማኅበራት በ45 ቀናቸው የሚከፋፈሉ ዶሮዎች ዕጣቸው የተወሰነው ደብረ ታቦርን ሳያልፉ ገና ነው። ለሊምፎይድ ሉኮሲስማ ጭራሽ ክትባት የለም። ከእናት በእንቁላል ስለሚተላለፍ መድኃኒቱ ተሸካሚዎቹን ከወላጅ መንጋው ለይቶ ማስወገድ ነው፤ ይህም የአርቢው ሳይሆን የመፈልፈያው ሥራ ነው።

«ቴትራሳይክሊን ሰጥቼ ድነውልኛል» የሚል አይጠፋም። የዳኑት በባክቴሪያ የታመሙት ወይም ቀድሞውንም ያልታመሙት ናቸው፤ ቫይረስ ያበቀለውን ዕጢ አንቲባዮቲክ አያጠፋውም። «የአበሻ ዶሮ አይደፍረውም» የሚሉም አሉ። በዘር የመቋቋም ልዩነት መኖሩ እውነት ነው፤ ሆኖም ደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል ውስጥ ተዘግተው ይረቡ የነበሩ የአገር ውስጥ ዶሮዎች በማሬክስ ማለቃቸው በጥናት ታትሟል። ጓሮ ለጓሮ ሲጭሩ የሚውሉትን የሚጠብቃቸው የብናኙ መሳሳት እንጂ ደማቸው ብቻ አይደለም። ከተከተቡ በኋላም ቢሆን ጽዳት አይቀርም፤ ክትባቱ ዕጢውን ያስቀራል እንጂ ቫይረሱ እንዳይገባና እንዳይተላለፍ አያደርግም።

ይህ ሳይንስ አዲስ አይደለም። ኤለርማንና ባንግ የተባሉ ተመራማሪዎች የዶሮ ሉኮሲስ ተላላፊ መሆኑን ኮፐንሃገን ላይ ያሳዩት በ1908 እ.ኤ.አ. ነው፤ የማሬክስ ክትባትም ካንሰርን በክትባት መከላከል እንደሚቻል በማሳየት የመጀመሪያው ነው። የጎደለን የመግዣ ቀን ጥያቄ ነው። ከነፋስ መውጫ እስከ ወገዳና መካነ ኢየሱስ ዶሮ የምትገዙ ማኅበራት፣ ግዢ የምትፈጽሙ ጽሕፈት ቤቶች፦ የማሬክስ ክትባት በአንደኛው ቀን መሰጠቱን በጽሑፍ ጠይቁ፣ ውሉም ውስጥ አስገቡት። አዲሱን መንጋ ከአሮጌው አትቀላቅሉ፤ አሮጌውን ጉዝጓዝ አውጥታችሁ ቤቱን ሳታጸዱ አዲስ አታስገቡ። ማስረጃ የሌለውን ጫጩት ቢረክስም አትግዙ።