ያለ ክፍያ የሚገኙ የሙዚቃ ፕለጊኖች

ፕለጊን ለብቻው የማይሠራ ትንሽ ፕሮግራም ነው። ኩቤዝን፣ ሪፐርን ወይም ኤፍኤል ስቱዲዮን በመሰለ የሙዚቃ መሥሪያ ውስጥ ገብቶ አንድ የተወሰነ ሥራ ይሠራል፤ ወይ የተቀረጸውን ድምፅ ያርማል፣ ወይ ራሱ መሣሪያ ሆኖ ድምፅ ያወጣል። ቀድሞ ስቱዲዮ ውስጥ በብረት ሣጥን ተደርድረው ይታዩ የነበሩት ኮምፕረሰርና ኢኮ ዛሬ በዚህ መልክ ስክሪን ላይ ይከፈታሉ። አንዳንዱ ፕለጊን በመቶዎች ዶላር ይሸጣል። ሆኖም አንድ ዘፈን ሚክስ ለማድረግ የሚያስፈልገውን ሁሉ አምስት ሳንቲም ሳያወጡ ማሟላት ከተቻለ ቆይቷል።

ነገሩ የሚጀምረው የሐምቡርጉ ኩባንያ ስታይንበርግ እ.ኤ.አ. በ1996 ቪኤስቲን ባወጣ ጊዜ ነው። ቪኤስቲ የሙዚቃ መሥሪያውና ፕለጊኑ የሚግባቡበት ደንብ ነው። ኩባንያው ደንቡን ለራሱ ብቻ አላስቀረውም፤ ሌሎችም ፕለጊን እንዲጽፉበት ፈቀደ። በ1999 የመጣው ሁለተኛው እትም ደግሞ በኪቦርድ የሚጫወቱ መሣሪያዎችን ጨመረ። ከዚያ ወዲህ ኮድ መጻፍ የሚችል ሙዚቀኛ ማታ ማታ ለራሱ የሠራውን ለሌላው ማካፈል ቀለለው።

“ነጻ” ሲባል ግን ሁሉም አንድ ዓይነት አይደለም። ሰርጅ የተባለው ሲንተሳይዘር በመጀመሪያ ይሸጥ ነበር፤ በ2018 ደራሲው ኮዱን ለሕዝብ ለቀቀው፤ ከዚያ በኋላ በጎ ፈቃደኞች ተረክበው ሰርጅ ኤክስቲ በሚል ስም አሳደጉት። እንዲህ ያለው ደራሲው ቢሰለች እንኳ ሌላው ሊያስቀጥለው ይችላል። ቲዲአር ኖቫ የሚባለው ኢኪው፣ ማለትም የድምፁን ወፍራምና ቀጭን ክፍሎች የሚጨምርና የሚቀንስ ፕለጊን፣ የተለየ ነው። ነጻው እትም ሙሉ ሥራ ይሠራል፤ ተጨማሪ የፈለገ የሚሸጠውን ይገዛል፤ ማለትም ነጻው ለሚሸጠው ማስታወቂያ ነው። ኤርዊንዶውስ በሚል ስም በመቶዎች የሚቆጠሩ ፕለጊኖች የሚያወጣው ክሪስ ጆንሰን ደግሞ በአድማጮቹ መዋጮ ይተዳደራል። የሱዎቹ ጌጥ የላቸውም፤ ጥቂት ማንሸራተቻዎች ብቻ ናቸው፤ ድምፃቸው ግን አያሳፍርም። ክራክ የተደረገ፣ ማለትም የሚሸጥ ሆኖ መቆለፊያው ተሰብሮ ያለ ፈቃድ የሚሰራጭ ፕለጊን ከእነዚህ ከአንዱም አይመደብም። የውጭ ምንዛሪ መክፈል በሚያስቸግርበት አገር ክራክ ቢበዛ አይገርምም፤ ነገር ግን ከማን እንደመጣ የማይታወቅ ፋይል ቫይረስ ይዞ ሊገባ፣ የወራት ሥራም ይዞ ሊጠፋ ይችላል።

የአንድን ድምፃዊ ቅጂ ተከትሎ መሄድ የፕለጊኖቹን ሥራ ግልጽ ያደርገዋል። ቅጂው ብርድ ልብስ በተሰቀለበት ጠባብ ክፍል ውስጥ የተሠራ ነው እንበል። ከታች የውጭ መኪና ጉርምርምታ፣ ከመሐል የክፍሉ መታፈን፣ ከላይ ደግሞ ጆሮ የሚወጉ “ሰ”፣ “ሸ” እና “ጸ” ይሰማሉ። ኖቫ ላይ በመጀመሪያ ከ80 ኸርዝ በታች ያለው ይቆረጣል፤ እዚያ ለድምፃዊው የሚጠቅም ነገር የለም። 300 ኸርዝ አካባቢ ሁለት ሦስት ዴሲቤል ሲቀነስ ድምፁ ከሣጥን የወጣ ያህል ይፈታል። የኖቫ እውነተኛ ጥቅም የሚታየው ከላይኛው ክፍል ላይ ነው። ተራ ኢኪው 6,000 ኸርዝን ቢቀንስ ዘፈኑን ከዳር እስከ ዳር ያደበዝዘዋል። ኖቫ ግን ያንን ቦታ ይጠብቃል፤ ፉጨቱ ሲመጣ ብቻ ይጫነውና ሲያልፍ ይለቀዋል።

ቀጥሎ ኮምፕረሰር ይመጣል። ለዊንዶውስ በነጻ የሚሰጠው ሪኮምፕ ለዚህ በቂ ነው። ሬሾው 3 ለ 1 ሲሆን፣ ከተሰጠው ወሰን በ9 ዴሲቤል ያለፈ ጩኸት በ3 ብቻ እንዲያልፍ ይደረጋል፤ ሹክሹክታውና ጩኸቱ ይቀራረባሉ። እዚህ ላይ ብዙ ጀማሪ የሚሳሳተው በአታክ፣ ማለትም ኮምፕረሰሩ መጫን ለመጀመር በሚወስደው ጊዜ ነው። ክራር ላይ አታኩ 1 ሚሊሰከንድ ከሆነ ጅማቱ የተመታበት ቅጽበት ይዳጣል፤ ወደ 30 ሲወሰድ ግን ምቱ ሳይነካ ያልፍና የሚረግበው ተከትሎት የሚመጣው ድምፅ ይሆናል።

ለሪቨርብ፣ ማለትም ለማስተጋባት፣ ድራገንፍላይ ክፍልንና አዳራሽን አስመስሎ ይሠራል። በ2020 የወጣው ቫልሃላ ሱፐርማሲቭ ዝነኛ ቢሆንም ለሌላ ነገር የተሠራ ነው። ድምፁን ማለቂያ በሌለው ገደል ውስጥ የሚለቀው ይመስላል፤ ለዋሽንት መግቢያ ያምራል፣ ግጥሙ መሰማት ያለበት ዘፈን ላይ ግን ቃላቱን ይውጣል።

ከመሣሪያዎቹ ወገን ዴክስድ ልዩ ትኩረት ይገባዋል። በ1983 የወጣውን ያማሃ ዲኤክስ 7 ኪቦርድ የሚያስመስል ሲሆን፣ ለዋናው ኪቦርድ የተሠሩትን የድምፅ ፋይሎች ያነብባል። ሙዚቀኛው ኃይሉ መርጊያ በ1985 አሜሪካ ውስጥ አኮርዲዮኑን ይዞ ብቻውን በቀረጸው ካሴት ላይ ከሚሰሙት ኪቦርዶች አንዱ ይኸው ነው። የዚያን ዘመን ቃና የሚፈልግ አቀናባሪ አሮጌ ኪቦርድ ፍለጋ መንከራተት አይጠበቅበትም።

ሰርጅ ኤክስቲ ደግሞ ለቅኝት የሚጠቅም ነገር አለው። የፒያኖ ቁልፎች እኩል በ100 ሴንት (ሴንት የቃና ርቀት መለኪያ ነው) ተራርቀው የተሠሩ ናቸው፤ ባለክራሩ ወይም ባለማሲንቆው ግን በጆሮው ነው የሚቃኘው፤ አንቺ ሆዬን ሲጫወት ጣቱ የሚያርፍበት ቦታ ሁልጊዜ ከቁልፉ ጋር አይገጥምም። ሰርጅ ስካላ የተባለውን የቅኝት ፋይል ስለሚቀበል እያንዳንዱን ድምፅ በሴንት ቆጥሮ ማስቀመጥ ይቻላል። ዲሴንት ሳምፕለር ከዚህም ይልቃል፤ የገዛ ክራርን ጅማት በጅማት ቀርጾ በኪቦርድ የሚጫወት መሣሪያ ለማድረግ ያስችላል።

ከመጫኑ በፊት የፕለጊኑን ዓይነት ማየት ግድ ነው። ሎጂክና ጋራጅባንድ ኤዩ የሚባለውን፣ ፕሮ ቱልስ ኤኤኤክስን እንጂ ቪኤስቲን አይቀበሉም። በ2000ዎቹ መጀመሪያ የተሠሩ ብዙ ነጻ ፕለጊኖች ባለ 32 ቢት ናቸው፤ አፕል በ2019 ለእነዚህ በሩን ዘግቷል፤ ዊንዶውስ ላይም ባለ 64 ቢት የሙዚቃ መሥሪያ ድልድይ የሚባል አገናኝ ፕሮግራም ከሌለ አይከፍታቸውም። አዲሶቹም ነገ ይህ ዕጣ ሊገጥማቸው ይችላል። ስለዚህ ጥንቁቅ ኢንጂነር ሚክሱን ሲጨርስ እያንዳንዱን ትራክ ከነኢፌክቱ ወደ ኦዲዮ ፋይል ቀይሮ ከፕሮጀክቱ ጎን ያስቀምጣል፤ ዘፋኙ ከአምስት ዓመት በኋላ “ያቺን ድምፅ ትንሽ ከፍ አድርግልኝ” ብሎ ሲመጣ የሚከፈት ነገር እንዲኖር።